አስካለ ያልነገረችው ወሬ

ሸማ ተራ ነጠላ የምትሸጠው አስካለ ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርም። ማን ከማን እንደተኮራረፈ መሳለሚያ ሁሉ ከእሷ ነው የሚሰማው።

ይህን የምታውቀው የድሮ ጎረቤቷ ሀፍሷ፣ ጉራጌ አገር፣ ገጠር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ስትሄድ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታት ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ለአረፋ ወደ እኛ ቀበሌ የሚመጣ ሽፍታ ያለበት ልጅ ካዩ ቀድመው ይደውሉልኝ። ኩፍኝ ከገባ በኋላ መሯሯጥ ምን ይረባል? ለወሬ እንደሆን እርስዎን የሚቀድም የለ።»

የአረፋ ሰሞን የዚያው የሀፍሷ ቀበሌ ተወላጅ፣ የአስካለ ጎረቤት ካሚላ፣ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ መጣች። ፊቱን ሽፍታ ወርሶታል።

«እትዬ፣ አደራ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ሀፍሷ ከሰማች አትሂጂ ትለኛለች፣ ዘንድሮም ከቀረሁ ደግሞ እናቴ ታዝንብኛለች።»

አስካለን እስከዛሬ ሚስጥር ያካፈላት ሰው የለም። ደስ አላት።

«ምነው ልጄ፣ እኔ ጋ ይቀራል» አለች። እውነትም ለማንም አልተነፈሰችም።

ከአረፋ በኋላ ሀፍሷ ደወለች። ኩፍኙ ወደ ስድስት ልጆች ተዛምቶ፣ የካሚላ እህት ልጅ ሞታለች።

«ክትባቱ እኮ ነበረኝ እትዬ። ቀድሜ ብሰማ ላልተከተቡት እደርስላቸው ነበር። የካሚላን ልጅ አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ» አለች አስካለ።

«ታዲያ ያን ቀን አፍዎን ምን ያዘው?»

አስካለ «ሰው አመነኝ ብዬ ነዋ» ማለት አፍራ፣ ስልኩን ዘጋችው።