የሁለት ወር ቅቤ

አለነን ዛሬ ጎንደር ውስጥ ብትጠይቁ የሚያስታውሰው አይገኝም። ያኔ ግን፣ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ፒያሳ ላይ ሲያልፍ ሴቱ ሁሉ አንገቱን ያዞር ነበር። ይዙር! እጮኛው እኔ ትርንጎ ነበርኩ።

የሚሠራው ጋራዥ ነው። ከጋራዡ ጀርባ እሱና ጓደኞቹ አንድ የውሃ ቱቦ ጫፍና ጫፉ ላይ ጣሳ አስገብተው፣ ጣሳውን ሲሚንቶ ሞልተው፣ እሱን ሲያነሱ ይውላሉ። ክብደቱን በሚዛን የሚያውቅ የለም፤ "ከትናንቱ ይከብዳል" ካሉ በቃ። ሰውነት ማሟሟቅ የሚባል ነገር ማን ሰምቶ! አማትበው ነው የሚያነሱት። ከሥራ ሲወጣ እኛ ቤት ይመጣና ክንዱን አውጥቶ "ንኪ እስቲ" ይለኛል። "ድንጋይ ነው፤ ጭንቅላትህም እንደዚሁ" እለዋለሁ። እንዲህ እየተፎጋገርን እንስቃለን። አይ ጊዜ!

ዐቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል ያንን ቱቦ ሲያነሳ ቀኝ ትከሻው ወለቀ። አባቴ፣ አያ ቢያዝን፣ ከጠዳና ከአምባ ጊዮርጊስ ሁሉ ሰው የሚመጣለት ወጌሻ ነበር። ክንዱን ጎትቶ ሲመልሰው አለነ ትንፍሽ አላለም፤ የጮህኩት እኔ ነኝ። አባቴ ትከሻውን በነጠላ ጠፈረና፣

"ስማኝ ልጄ፣" አለው። "የወለቀ ትከሻ ቅቤና መረቅ ይፈልጋል፤ አሁን ደግሞ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ወር እየበላህ እረፍ። አለዚያ ይህ እጅ ከጆሮህ በላይ አይወጣም።"

"እሺ አያ፣" አለ፣ እንደ ሸጋ ልጅ።

ፒያሳ ላይ የሚደረገው የብረት ማንሳት ውድድር ግን የፋሲካ ማግስት ነበር። ያሸነፈ በጌምድርን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል ተብሏል። አለነ ደግሞ ከእንፍራንዝ ወዲያ አገር አይቶ አያውቅም። "ምነው፣ ለታመመ እኮ ይፈቀዳል፣ ትንሽ ቅቤ ቅመስ" ብዬ ብለምነው አሻፈረኝ አለ። ጾሙን አይፈታም፤ ውድድሩንም በልቡ አልተወም ኖሯል።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የፋሲካ ለት እኛ ቤት መጣና የሁለት ወሩን ቅቤ በአንድ ቀን ሊጨርስ ተቀመጠ! ዶሮውን በላ፣ ቅልጥሙን መጠጠ፣ የቀለጠ ቅቤ በዋንጫ ጠጣ። አባቴ ከበቅሎ የወደቀ ሰው ሊያሽ እንፍራንዝ ሄዷል። እናቴ "የጾመ ልጅ ነው፣ ይብላ" እያለች ትጨምርለታለች።

"ኧረ አለነ፣ ምን እየሆንክ ነው?" አልኩት።

"ያባትሽን መድኃኒት እየወሰድኩ ነዋ!"

ሳቅን። የልቡን መች ነገረኝ!

በማግስቱ ፒያሳ ስደርስ ነጠላውን ፈትቶ ብረቱ ፊት ቆሟል። "አለነ! በማርያም!" አልኩ። ዞሮ አየኝ። አማተበና አነሳው። ብረቱ ከራሱ በላይ ሲወጣ ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ቀለጠ። እኔ ብቻ እጄን አጣምሬ ቆምኩ፤ ንድድ ብሎኝ ነበር። ወዲያው ትከሻው ቋ ሲል ከቆምኩበት ሰማሁት። ብረቱ ከኋላው ወደቀ።

አባቴ ዳግመኛ መለሰለት፤ እጁ ግን እንዳለው ከጆሮው በላይ አልወጣም። አዲስ አበባ ሌላ ሰው ሄደ። እኛም ተጋባን። ሸጋ ባል ነበር፣ አልዋሽም። ግን "ንኪ እስቲ" ማለቱ ቀረ። አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው።

ልጃችን ይመኙሽ ሦስት ዓመት ሲሞላት ጥምቀት ወጣን። ታቦታቱ ሲቃረቡ ሰዉ ግጥግጥ አለ፤ አባት የሆነ ሁሉ ልጁን ብድግ እያደረገ ትከሻው ላይ ያወጣል። ይመኙሽ እጇን ዘርግታ "አባባ፣ እኔንም!" አለች። ብብቷን ይዞ ሊያነሳት ሞከረ፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቀኝ እጁ እምቢ አለ። መልሶ አስቀመጣት። ፊቱ ጥቁር አለ። እኔ ልይዛት ስል፣

"ተይ፣" አለኝ።

በዚያ በነጭ ልብሱ አቧራው ላይ ተንበረከከ። "ነይ ውጪ" አላት። ጀርባውን እየቧጠጠች አንገቱ ላይ ወጣች። እንደ ድሮው አማተበ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ተነሳ።

"ታየኝ! ታየኝ!" አለች ልጄ።

እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ሰዉ ለታቦቱ መስሎታል። አለነ ግን ዞሮ አየኝና፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ክንዱን ወደኔ አስጠጋ።

"ንኪ እስቲ።"

ነካሁት። ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ድንጋይ ነው፣" አልኩት።