ብርድ እየተሰማሽ ተነሺ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ የሠራ ሰው ስለ ዝናብ ካልተጠየቀ ማን ሊጠየቅ ነው? እማማ መጥረጊያ ከብስክሌት ክለቡ ስብሰባ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ የሚያጉረመርሙት ይህንኑ ነበር። ሰፈሩ ይህን ቅጽል ያወጣላቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የማዘጋጃ ቤት ጎዳና ጠራጊ ስለነበሩ ነው። ስሙን ጠልተውት አያውቁም። የጠሉት አሰልጣኙን ነው።

አሰልጣኙ ወላጅና አሳዳጊ ሰብስቦ ልጆቹ ለእሁዱ ውድድር ምን እንደሚለብሱ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ እሁድ ብርድና ዝናብ እንደሚሆን በሬዲዮ ተነግሯል። ወፍራም ሹራብ፣ በላዩ ወፍራም የዝናብ ጃኬት፣ ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ካልሲ። እማማ እጃቸውን አወጡ። አላያቸውም። ደግመው አወጡ።

«እማማ፣ ማንበቡ ካስቸገረዎት ቤት ስትገቡ ልጅቷ ታነብልዎታለች» አለ በትህትና። አንጀታቸውን ያሳረረው ትህትናው ነው።

«ማንበብማ አልችልም» አሉ አሁን የልጅ ልጃቸውን ክንድ ጨምድደው መንገድ እየተሻገሩ። «ብርድ ግን መች በፊደል ይገባል? በአንገት ነው የሚገባ፣ በእጅ አንጓ ነው የሚገባ። ይኼ ጎረምሳ ዝናብን በመስኮት እያየ ነው ያደገው።»

ልጅቷ በቅጥነቷ የተነሳ ጓደኞቿ «ሽቦ» ይሏታል። ወትሮ አያቷ አሰልጣኙን ሲያብጠለጥሉ ከት ብላ ነው የምትስቀው፤ ዛሬ ግን አልሳቀችም። ያለፉትን ሁለት የዝናብ ውድድሮች አቋርጣለች። ሁለቱንም ጊዜ ዳገቱን ከፊተኞቹ ጋር ወጥታ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጣቶቿ ደንዝዘው ፍሬን መያዝ አቃታት፤ ወርዳ ብስክሌቷን እየገፋች፣ እያለቀሰች ተመለሰች። አሰልጣኙም በስብሰባው ፍርዱን ተናግሯል፤ ሦስተኛውን የጨረሰች ትቆያለች፣ ያልጨረሰች ከቡድኑ ዝርዝር ትወጣለች።

«እማዬ፣ እሱ ያለውን ብለብስ ይሻላል» አለች ደረጃው ሥር ሲደርሱ። «ካልሰማሁት ደግሞ ሌላ ጥፋት ይሆንብኛል።»

«ልበሺዋ! ማን ከለከለሽ? ሁሉንም ልበሺና ደረጃውን አምስት ጊዜ ወጥተሽ ውረጂ።»

የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሽቦ ተጀቡና፣ ክንዷ ወደ ጎን ቆሞ እንደ ትራስ እየተንከባለለች፣ ወጣች ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት በሯን ከፈት አድርጋ «ምን ተፈጠረ?» ብትል፣ እማማ ከላይ ሆነው «ምንም፣ ልጅ እየቀቀልኩ ነው!» አሏት።

በአምስተኛው ላይ ልጅቷን አስቁመው የውስጥ ካናቴራዋን አስወለቁና መታጠቢያው ላይ ጨመቁት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«ይኸውልሽ ዝናቡ። ሰማይ ጠብታ ሳይጥልብሽ ከውስጥሽ ዘንቦብሻል። ዳገቱ ላይ ትቀቀያለሽ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያው ውሃ ይበርድና ሰውነትሽን ይይዘዋል። እስኪ የእግር ጣትሽን አንቀሳቅሺ።»

«በሁለት ካልሲ ጫማው ጠቦኛል። አይንቀሳቀስም።»

«የማይንቀሳቀስ ጣት ደም አይደርሰውም። አንድ ካልሲ፣ እሱም ሱፍ። ጥጥ ከተነከረ የሬሳ እጅ ነው።»

ከዚያ ተቀመጡና፣ ሰሌዳ ላይ ሊያጽፉት የፈለጉትን ለአንዲት ተማሪ ነገሯት። ጠራጊዎች ዘንድ ወግ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ መጥረጊያ ከመነሣቱ በፊት፣ እርስ በርስ «በረደሽ?» ይባባላሉ። «አልበረደኝም» ያለች አንድ ልብስ ታወልቃለች፤ አላወልቅም ብትል ካቦዋ ቆማ ታስወልቃታለች። ሥራ ሲጀመር ሰውነት ራሱ ምድጃ ይሆናላ! ሁለተኛው ወግ የጓንት ነው። ሥራው መሀል ሲደርስ ሁሉም ቆሞ ጓንት ይለውጣል። ተለዋጩ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፣ ብብት ሥር ነው የሚውለው፤ ሲወጣ ደረቅ ብቻ ሳይሆን እንደ ዳቦ ትኩስ እንዲሆን።

ሽቦ አገጯን እጇ ላይ አስደግፋ ሰማች። «እሺ። በላዩስ ምን ልልበስ?»

እማማ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር። ከአልጋ ሥር ከጡረታ ጋር ይዘውት የወጡትን ብርቱካናማ የላስቲክ ካባ አወጡ። «ይኸውልሽ። ውሃ በዚህ ውስጥ አልፎ አያውቅም።»

ለሙከራ መንገድ ወጡ። ሽቦ ካባውን ደርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ ጀምራ ታች ወዳለው አደባባይ ፔዳሏን ረገጠች። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች ካባው በአንገቷ ነፋስ ዋጠ፣ አበጠ፣ ከራሷ በላይ ቆመ፤ ብስክሌቷ ወደ ጎን ተንሸራተተና ሽቦ የአትክልት ሻጯ የባዶ ሳጥን ክምር ላይ በመቀመጫዋ አረፈች።

ጎማ ጠጋኙ የያዘውን ከመነዳሪ ጥሎ ሆዱን ያዘ። «እማማ፣ ልጅቷን ወደ ውድድር ነው ወደ ሰማይ የሚልኳት?»

«አንተ ጎማህን ንፋ!»

«ንፋሱንማ እርስዎ ጨረሱት!»

ሽቦም ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠች እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። «እማዬ፣ ስትጠርጊ በሰዓት ስንት ትሮጪ ነበር?»

እማማ ያበጠውን ካባ ሰብሰብ አደረጉት። ነፋሱን አልቆጠሩትም ነበር። መጥረጊያ የያዘች ሴት ላይ ነፋስ ይመጣባታል እንጂ እሷ ነፋስ አታመጣም፤ ብስክሌት ግን ነፋሱን ራሱ ፈጥሮ ደረትሽ ላይ ይወረውረዋል። ይህን ሁሉ አሰቡ። «ተሳሳትኩ» የሚባለው ቃል ግን ከጉሮሯቸው አልፎ ስለማያውቅ «ተነሺ ከሰው ሳጥን ላይ፣ ሂጂ መቀስ አምጪ» አሉ።

ማታ ካባውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቀደዱት። ደረቱንና ትከሻውን ብቻ አስቀርተው በልጅቷ ደረት ልክ አጥብበው ሰፉት፤ ጀርባው ላብ እንዲወጣበት ክፍት ቀረ። የማዘጋጃ ቤቱ የሠራተኛ ቁጥራቸው የታተመበትን የጀርባውን ቁራጭ ለአፍታ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ወለል መወልወያ አደረጉት።

እሁድ ጠዋት ዝናቡ አግድም ነበር የሚወርደው። መነሻው ላይ አርባ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል፤ የአሰልጣኙ ቡድን ልጆች እንደ ፍራሽ ወፍረው፣ ሽቦ መሀላቸው በቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ ጉልበቷን በሚሸፍን ጥብቅ ሱሪ፣ በሄልሜቷ ሥር ግንባር ላይ ጥላ ያላት ኮፍያ አድርጋ፣ ደረቷ ላይ ብርቱካናማው ጨርቅ። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

አሰልጣኙ ጃንጥላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። «እማማ! ምን ሆነዋል? ልጅቷን ራቁቷን አወጧት እኮ!»

እማማ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ፊታቸውን ወደ ልጅቷ አዙረው «በረደሽ?» አሉ።

«በጣም!»

«ጎሽ።»

«ምኑ ነው ጎሹ?» አሰልጣኙ ጮኸ። «ጃኬቴን ውሰጂና ልበሺ፤ አሁን!» ሽቦ እሱንም አያቷንም አየች። ከዝርዝሩ የምትወጣው እሷ ናት፤ እነሱ አይደሉም። ጃኬቱን ተቀብላ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ ሰጠችው። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለች፤ «ያንተን ለብሼ ሁለቴ ቆሜያለሁ።» ፊሽካው ተነፋ።

እማማ ደግሞ የጎማ ጠጋኙ አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጠጡ። ዳገቱ ጫፍ እስኪደርሱ ድረስ «ቀስ በል!» እና «ምነው ተጎተትክ!» እያሉ በየተራ ወገቡን ሲቆነጥጡት፣ «እማማ፣ ወይ ፍሬኑን ወይ ነዳጁን ይምረጡ!» አላቸው። ብብታቸው ሥር ደረቅ የሱፍ ጓንት፣ ደረታቸው ላይ የታጠፈ ጋዜጣና ፎጣ፣ ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ቢጫ የእቃ ማጠቢያ ጓንቶች አሉ።

ዳገቱን ሽቦ ሦስተኛ ሆና ወጣች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ጥርሷ መንገጫገጩን ትቷል። አያቷ ጋ ስትደርስ ግን አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ቆመች።

ከኋላ የአሰልጣኙ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። «አትቁሚ! ያልፉሻል! አትቁሚ!»

«ይለፏት!» አሉ እማማ ቀና ሳይሉ። «እጅ!»

እርጥቡን ጓንት በጥርሳቸው ጎትተው ጣሉ፤ በፎጣ አሿት፤ ትኩሱን ሱፍ አጠለቁ፤ በላዩ ቢጫውን ላስቲክ እስከ እጅ አንጓዋ ሳቡ። አንዷ አለፈች። ሦስት አለፉ። ጋዜጣውን ነፋስ እንዲመክትላት ከደረቷ ጨርቅ ሥር ሰኩት። ሌሎች አራት አለፉ። ከሚያልፉት አንዷ «ሽቦ፣ ሳህን ልታጥቢ ነው?» ብላ ሳቀች።

«እማዬ፣ አሥራ አንደኛ ሆንኩ» አለች ሽቦ የሚያልፉትን በዓይኗ እየተከተለች።

«እኔ ቁጥር አላውቅም። ፍሬንሽን ጨብጪ። ተጨበጠ? በይ ሂጂልኝ!»

ቢጫዎቹ ጓንቶች ጉም ውስጥ ገብተው ጠፉ።

የቀረው ለእማማ ከባዱ ነበር። ውድድሩ ካለፈ በኋላ በዚያው መንገድ በሞተር ሳይክል ሲወርዱ፣ በየጠርዙ ልጆች ቆመው አዩ። አንዷ እጇን በትንፋሿ ታሞቃለች። አንዷ የሄልሜቷን ማሰሪያ መፍታት አቅቷት ሌላዋ በጥርሷ ትፈታላታለች። ሳህን ልታጥቢ ነው ያለችው ብስክሌቷን አስተኝታ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። በእያንዳንዱ መታጠፊያ እማማ ቢጫ ነገር ይፈልጋሉ፣ እንዳያዩትም ይለምናሉ። ጎማ ጠጋኙ እንኳ ቀልዱን ተወ።

መጨረሻው መስመር ሲደርሱ ከድንኳኑ ጎን አንዲት ጭቃ የሆነች ቀጭን ልጅ ሁለት ቢጫ እጆች ወደ ሰማይ አነሣች።

«ስድስተኛ!» ብላ ጮኸች። «ጨረስኩ! እማዬ፣ ጨረስኩ እኮ!»

እማማ ከሞተሩ ወርደው ጓንቱን አወለቁና ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፉ መረመሩ። ሁሉም ይታዘዛሉ። «አፍንጫሽን ጥረጊ» አሏት፤ የራሳቸውን በመዳፋቸው ጠርገው።

አሰልጣኙ ወረቀት መያዣውን አቅፎ መጣ። ከላካቸው ከስድስቱ ልጆች የጨረሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ጉሮሮውን ጠራረገ። «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ልጅቷ የዛሬን በርትታለች። የዝርዝሩን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ያየዋል። እና… ያ የጓንቱ ነገር፣ የልብሱም፣ ለሌሎቹ ልጆች አንድ ቀን መጥተው ቢያሳዩልኝ?»

እማማ ከጫማው እስከ ጃንጥላው ድረስ አስተዋሉት።

«አሳያቸዋለሁ። ማክሰኞ ሁሉንም ደረጃዬ ላይ አሰልፋቸው፣ አንተንም ጨምሬ አስወጣሃለሁ። አሁን ግን እስክሪብቶህን አውጣ።»

«እማማ፣ እኔ ብቻዬን እኮ…»

«ሦስተኛውን የጨረሰች ትቆያለች ያለው ማን ነው? ያኔ ኮሚቴ የሚባል አጠገብህ አልነበረም። አፍህ ብቻውን ተናግሯል፣ እጅህም ብቻውን ይጽፋል። እዚሁ፣ ፊቴ፣ የልጄን ስም ጻፍ። ቶሎ በል ደግሞ፤ እርጥብ ልብስ ለብሳ ነው የቆመችው፣ እኔም ሳትጽፍ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»