ያልታረመው አርብ

በማተሚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት በአራሚነት ሠርቻለሁ። ባልደረቦቼ «ቀይ ብዕር» ይሉኝ ነበር፤ በፊቴ በአክብሮት፣ በጀርባዬ ግን በሌላ ዜማ። የአራሚ ሥራ ግልጽ ነው። ስሕተቱን ፈልጎ ያወጣል፣ ያቃናል፣ እንከን ሲያጣ ከጎኑ «ትክክል፤ ይታተም» ብሎ ይፈርማል። ጡረታ ወጥቼ የሚታረም ወረቀት ሲጠፋ ግን ዐይኔ ወደ ቤቱ ዞረ።

በሩን ቆልፌ እወጣለሁ። የመንገዱ ማጠፊያ ላይ ስደርስ «ምድጃውን አጥፍተሃል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እመለሳለሁ፤ ጠፍቷል። እወጣለሁ፤ ደግሞ ይመጣል። ባለቤቴ ቆጥራ «ሰባት ጊዜ ተመለስህ» ትላለች። ስድስቱን አምናለሁ። ሰባተኛው ጃንጥላዬን ለማምጣት ነበር።

ይህ በቤታችን ቢቀር ግድ ባልሰጠኝ። ነገር ግን ሌላ ከተማ የምትኖር ልጃችን ከወለደች አራት ወር ሆኗታል። ሦስት ጊዜ ልንሄድ ተነሥተን ሦስት ጊዜ ከመናኸሪያው ተመልሰናል። እግሬ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲነካ ልቤ እንደ ማተሚያ መኪና ይደልቃል፣ መዳፌን ላብ ያጠምቀዋል፣ ቤታችን ሲነድ ይታየኛል። የልጅ ልጄን የማውቃት በስልክ ብቻ ነው፤ እሷም እኔን የምታውቀኝ እንደ አንድ ትልቅ የአፍንጫ ቀዳዳ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንመለስ ባለቤቴ ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ስማ አንተ ሰውዬ፤ የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ። ካንተ ጋርም ቢሆን፣ ያላንተም ቢሆን።»

«ምድጃውስ?»

«ምድጃውን አዝዬው እሄዳለሁ!»

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ መረመረኝና «አባት፣ ልብዎ የጎረምሳ ልብ ነው» አለኝ። አንገቴን ቀና አደረግሁ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች ባለቤቴ ከጎኔ። «ልቡ ደኅና ነው። የፈጀን ሐሳቡ ነው።»

ሐኪሙ ሣቁን እያፈነ አንድ ወረቀት ጻፈና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ላከን። በሩ ላይ «የስነ ልቦና ምክር» ይላል። ቆምሁ።

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«ሥነ የሚለው በንጉሡ ሠ ነው። ይህን በእሳቱ ሰ የጻፈ የማንን አእምሮ ያቃናል? ደግሞስ እኔ እብድ አይደለሁም!»

«እብድማ ምድጃ ትዝ አይለውም። ንጉሡም እሳቱም እዚሁ ይጠብቁህ፤ አንተ ግባ!» ብላ ከኋላዬ ገፋችኝ።

አማካሪዋ በልጃችን ዕድሜ ያለች ወጣት ናት። ተነሥታ ተቀበለችኝ፣ ወንበር አቀረበችልኝ፣ ዐሥራ ሁለት ተራ ያለው መጠይቅ ሰጠችኝ። «አባባ፣ ቀስ ብለው ይሙሉልኝ። እርስዎን የሚመለከተውን ብቻ» ብላኝ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

ከደረት ኪሴ ቀዩን ብዕር መዘዝሁ። አንደኛው ተራ «ሀዘን ይሰማኛል» ይላል። ሐዘን በሐመሩ ሐ ነው፤ አረምሁ። ሁለተኛው «ስራ ያስጠላኛል» ይላል። የሠራተኛው ሁኔታ ያሳስባል፤ ሥራ ግን በንጉሡ ነው፤ አረምሁ። እረፍትን በዐይኑ ዐ ወደ ዕረፍት መለስሁት። ዐሥራ ሁለቱንም ተራ ፈጽሜ ስነሣ ከጡረታ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ምድጃውም ትዝ አላለኝም።

አማካሪዋ ወረቀቱን ብዙ አየችው።

«አባባ፣ ጥያቄዎቹን አልመለሷቸውም። አረሟቸው እኮ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። ኀፍረትን በሃሌታው ሀ ጽፎ ሰውን ‹ታፍራለህ ወይ› ብሎ መጠየቅ ራሱ ያሳፍራል።»

ከልቧ ሣቀች። ከዚያ ጣቷ ሰባተኛው ተራ ላይ ዐረፈ።

«ይሄንንስ ለምን ተዉት?»

መነጽሬን አስተካክዬ አየሁት። «ጭንቀት ከቤት እንዳልወጣ ይከለክለኛል» ይላል። ጭንቀት ሞክሼ ፊደል የለውም። ንጉሥ የለው፣ እሳት የለው፤ ቢያገላብጡት ያው ጭንቀት ነው።

«ስሕተት የለበትማ» አልሁ።

«እሱንማ ከጎኑ ጽፈውታል።»

ወረቀቱን አዞረችልኝ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ቀይ ብዕሬ፣ ከሰባተኛው ተራ አጠገብ «ትክክል» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማዬም አለበት።

እኔ ፊርማዬን ክጄ አላውቅም።

«እንግዲህ ትክክል ከሆነ ትክክል ነው» አልሁ። ብዕሬን ወደ ኪሴ መለስሁ። ምድጃውን ነገርኋት፣ መናኸሪያውን ነገርኋት፣ አራት ወር የሞላትን ሕፃን ነገርኋት። «ስሕተት አንዴ ታትሞ ከወጣ አይመለስም ልጄ» ብዬ መነጽሬን መጥረግ ጀመርሁ። መነጽሩ አልቆሸሸም ነበር።

«ምድጃው ስንት ጊዜ በርቶ ተገኘ?»

«አንድም ጊዜ።»

«ስንት ጊዜ ተመለሱ?»

«እሱን ባለቤቴን ጠይቂያት።»

«አባባ፣ እርስዎ ጡረታ ወጡ እንጂ ጥርጣሬው አልወጣም» አለችኝ። «ከብዙ ሰው ጋር የሚውል ነገር ነው። እብደት አይደለም። አብረን እንሠራበታለን።»

የቀጠሮ ወረቀት ጻፈችልኝ፦ «አርብ፣ ሦስት ሰዓት።» በአልፋው አ! እጄ ወደ ኪሴ ሮጠ። እሷ ቀድማ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ የቤት ሥራዎ ነው። ሳያርሙት ይዘውልኝ ይምጡ። ሲጨንቅዎት ይዩት፣ ይተንፍሱ፣ ይተዉት።»

«ሆን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ሲመጡ እነግርዎታለሁ።»

ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ ለጠፍሁት። ማክሰኞ ብዕሬን ለባለቤቴ አስረከብሁ። ረቡዕ እርሳስ ይዤ መስተዋቱ ፊት አገኘችኝ።

«እርሳስ እኮ ይጠፋል» አልኋት።

«አንተ ነህ የምትጠፋው፤ አምጣ!»

ዐርብ ወረቀቱን እንደ ነበረ አስረከብሁ። አማካሪዋ ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጣ አየችውና እየሣቀች ጉዷን ተናገረች፦ «ሳላውቅ ነበር የጻፍኩት። እጅዎ ወደ ኪስ ሲሮጥ ነው የቤት ሥራ ያደረግሁት።» ልቆጣ ብዬ ነበር፤ ሣቅ ቀደመኝ።

ቅዳሜ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ማጠፊያው ላይ ያ ሐሳብ መጣ። ተመለስሁ፤ ምድጃው ጠፍቷል። ባለቤቴ መንገድ ላይ ቆማ «አንድ» አለች፤ ሁለት ግን አላስባልኋትም።

መናኸሪያው ውስጥ ልቤ እንደ ልማዱ ይደልቅ ጀመር። መዳፌ ራሰ። ከአውቶቡሱ ጎን በትልልቅ ፊደል «ሀሳብ አይግባችሁ» ተብሎ ተጽፏል። በሃሌታው ሀ።

ባለቤቴ እኔን አየች፣ ጽሑፉን አየች፣ ሻንጣውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እና?»

ተነፈስሁ። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አኖርሁ።

«ትክክል አይደለም» አልኋት። «ቢሆንም ይታተም።»

ሌላውንም እግሬን አስከተልሁ።