የአክስታችን ወንበር

የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ፤ ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወረታ ገበያ፣ በአጎቴ በግራዝማች ካሴ ስም አንድ ወንበር ተገዛ። መደገፊያ አለው።

ወንበሩ የተገዛው ለይታይሽ ነው። ይታይሽ ከልጅነቷ ጀምሮ በአጎቴ ቤት የኖረች አሮጊት ናት፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ የምትቀመጠው ምድጃው አጠገብ፣ መሬት ላይ ነበር። ባሪያ ነበረች። አዋጁ የወጣ ጊዜ አጎቴ ጠርተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነሽ» አሏት፤ ቀጥለው፣ «በይ ውሃ አሙቂ» አሏት። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው፤ ውሃው እስካሁን ይሞቃል።

አሁን ግን አንድ ጀርመን ወረታ ገብቶ ከአህመዲን ሱቅ ጀርባ አርፏል። ባርነት በየሕዝቡ ዘንድ እንዴት እንደነበረ መጽሐፍ ይጽፋል፤ መተከልን ዞሮ ሲያበቃ ወደ ፎገራ መጣ። አጎቴ ስማቸው መጽሐፉ ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ባሪያቸው እንድትገባ ግን አይፈልጉም። ስለዚህ ይታይሽ አክስታችን ሆነች።

«መጥቆሯን ቢጠይቅስ?» አልኩ።

«ልጅ ሳለች ፀሐይ መቷት ነው በለው» አሉኝ የአጎቴ ሚስት፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ።

አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ደሞዝ እባላለሁ። ጀርመንኛ የተማርኩት አንድ መንገድ ቀያሽ ጥሎት ከሄደ መዝገበ ቃላት ነው፤ ግማሹ ተቀዷል። በቀረው ግማሽ ማንኪያ ወንድ ነው፣ ሹካ ሴት ናት፣ ቢላዋ ሁለቱንም አይደለም። ልጃገረድም እንደ ቢላዋው ናት። ይህን ስነግራቸው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ይታይሽ ብቻ አልሳቀችም።

«ሴት የምትሆነው ስታገባ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ያላገባችሳ?»

«እንዳለች ትቀራለች።»

«እንደኛው ናቸዋ» አለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በረት አጠገብ ጠብቃ ያዘችኝ።

«የኔ ጌታ፣ ፈረንጁ መተከል ነበር አሉ። እህት ነበረችኝ። የመንደራችንን ስም አልረሳሁም። ደርሶበት እንደሆን አንድ ጊዜ ጠይቅልኝ።»

ያሳደገችኝ እሷ ናት። «እሽ» አልኳት። ኋላ ሳስበው ግን የግራዝማች ካሴ እህት መተከል ውስጥ መንደር የላትም። «ነገ ሳይሆን ሐሙስ እጠይቅልሻለሁ» አልኳት። ጀርመኑ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ወደ ጎንደር እንደሚሄድ አውቅ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት መጣ። ይታይሽን አዲስ ነጠላ አልብሰን ወንበሯ ላይ አስቀምጠናታል። ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ መደገፊያውን አልነካችውም። ጀርመኑ አማርኛ ይሞክራል፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚለው።

«አንተ ደህና ነህ?» አላት።

አንገቷን ደፋች።

አጎቴ አልነበሩም። ላም ረግረግ ውስጥ ሰጥማባቸው ከንጋት ጀምሮ ሜዳው ላይ ናቸው። ሲገቡ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። እንግዳውን እጅ ነሥተው መደቡ ላይ፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት አረፍ አሉና ሳምንት ሙሉ ያጠኑትን ንግግር ጀመሩ፤ እኔ እተረጉማለሁ።

«በዚህ አገር ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን። ባሪያ ሲባል በወሬ ሰማን እንጂ በዓይናችን አላየንም። በእኔ ቤት ደግሞማ...»

ይህን እያሉ ቀኝ እግራቸውን ወደ ይታይሽ ዘረጉ።

አስበውበት አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ከሜዳ በገቡ ቁጥር ሲዘረጋ የኖረ እግር ነው። ንግግሩ ቀጠለ፤ እግሩም ጠበቀ። ጭቃው ጠብ ጠብ ይላል። ወይዘሮ ሸዋነሽ በዓይናቸው ጠቀሷቸው፤ አላዩም።

«ደሞዝ፣ ምን ዘጋህ? ተርጉም እንጅ!» አሉኝ አጎቴ።

ይታይሽ ከወንበሩ ተነሣች። ገበቴውንና የሞቀውን ውሃ አመጣች፤ ተንበረከከችና እግሩን ያዘች። አጎቴ ያኔ ነው የነቁት። እግራቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ፤ አልለቀቀችም። ተረከዛቸውን እያሸች ቀና ብላ ጀርመኑን አየችው።

«ጌታዬ፣ እኔ የመተከል ሰው ነኝ» አለችው። «እህት አለችኝ።»

ጀርመኑ ወደ እኔ አልዞረም። ደብተሩን ገለጠ።

«ስምህ ማን ነው?» አላት።

አንድ ስም ነገረችው፤ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። «ይታይሽ» አላለችም።