እጄ የቆመበት ቀን

በሰው አገር፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በዚያ አይደለም። ቦዳቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ወድቆ ትከሻው የወለቀ፣ ጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ እግሩ ወለም ያለው፣ ሁሉም የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ወጌሻ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ተማርኩ፣ ትዕቢቱን ራሴ ጨመርኩበት። ራጅ ተነስቶ የሚመጣ ሰው ያናድደኝ ነበር። «ፎቶህን ለእናትህ ላክላት፤ እግርህን ለእኔ ስጠኝ» ስለው ወረፋ የሚጠብቁት ሸክመኞች ይስቃሉ። በአረብኛቸው «ኢታ ዶክቶር ከቢር» ይሉኛል፤ ትልቁ ዶክተር መሆኔ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አብዱራሕማን ፊት ለፊቴ ባለው ሱቅ ዱቄትና ስኳር በጅምላ ያከፋፍላል። እዚህ ከተማ ጦርነቱ በጀመረበት ዓመት፣ ኖቬምበር መግቢያ ላይ፣ የሚያነክሰውን ልጁን ማሂርን ይዞ መጣ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጉዴሌ ሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ከጉልበቱ በታች ተመትቶ እብጠቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጎድል ብሏል። እጄን የሰሊጥ ዘይት ቀብቼ ማሸት ጀመርኩ።

እጄ ቆመ። ወለምታ ከሆነ አውቀዋለሁ፤ መግል ከሆነ ለስለስ ይላል፤ ስብራት ከሆነ ጠርዙ ጣት ላይ ይመጣል። ይህ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ከአጥንቱ ጋር አንድ የሆነ፣ የሚያተኩስ፣ ጠጣር ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ ነክቼ ነበር፤ ያኔ አባቴ እጄን በጥፊ መትቶ «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ይሂድ» ብሎኛል። ቀና ስል ስድስት ሸክመኛ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ቀላል ነው፣ ይወርዳል» አልኩ።

አምስት ሳምንት አሸሁት። ማሂር የሸሚዙን ኮሌታ ነክሶ ይችለዋል። «ጋሽ በድሉ፣ ስተኛ ይብስብኛል» ሲለኝ «ሊድን ሲል ነው የሚያምህ» እለዋለሁ። ዲሴምበር ሲገባ እናቱ ሉባባ ራሷ መጣች።

«ጋሽ በድሉ፣ ልጄ ከሳብኝ። ያተኩሰዋል። ትኬት ቆርጬ አዲስ አበባ ላሳየው?»

«ሊሻለው ሲል ልታቋርጪኝ? ሁለት ሳምንት ስጪኝ።»

«እሺ፣ ኢንሻአላህ» ብላ ሄደች።

ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ከተማው በተኩስ ተናጠ። ጉዴሌ አስከሬን መንገድ ላይ ወድቆ የሚያነሳው ጠፋ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፤ ሲከፈትም የውጭ አገር ሰው ሁሉ እዚያው በር ላይ ሰፍሮ ነበር። ሉባባና ማሂር ቦታ ያገኙት በጃንዋሪ ነው። ያኔ ልጁ መራመድ ስላልቻለ አባቱ አዝሎ መኪና ውስጥ አስገባው።

አዲስ አበባ ሐኪሞቹ ካበጠው ላይ ቁራጭ ወስደው ለምርመራ ውጭ አገር ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ አብዱራሕማን ሄዶ ሰምቶ ተመለሰ፤ ሱቁ ውስጥ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ።

«የአጥንት ካንሰር ነው አሉን። ሁለት ዘረመሎች ተሰብረው፣ የአንዱ ስባሪ ከሌላው ስባሪ ጋር ያለቦታው ገጥሟል። በሽታውን የሚያሳድገው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው የሚወጣው፣ ብርቅ ነው አለኝ ሐኪሙ። ከእኛ አልወረሰውም፣ ኳሱም አላመጣበትም።»

ነገሩ ከእሱ ይልቅ ለእኔ ገባኝ። ተጣሞ የገጠመ አጥንት ሲመጣልኝ መልሼ ሰብሬ አቃናዋለሁ። ይህኛው ግን በዓይን እንኳ አይታይም። እዚያ የሚደርስ ጣት የለኝም።

መድኃኒቱ ፀጉሩን ጨረሰው። እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። በዚያ ሰሞን ማሂር ራሱ ስልክ ደወለልኝ።

«ጋሽ በድሉ፣ የመጀመሪያው ቀን እጅህ ቆሞ ነበር፣ አይደል? ፊትህን አይቼዋለሁ።»

«ዘይት ልጨምር ብዬ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። «ለአባቴ አልነገርኩትም» ብሎ ዘጋ።

በሽታው ሳንባው ውስጥ ገባ። በፈረንጆቹ ማርች 2015 ላይ ሞተ። አብዱራሕማን ቀብሮት ሲመለስ ለቅሶ ደረስኩት፤ አጠገቡ ተቀምጬ እንደ ማንም ሰው «አላህ ያጽናህ» አልኩት። ለዚህ አፌን ዛሬም እጠላዋለሁ።

ከወር በኋላ አብዱራሕማን ዕቃ ሲያራግፍ ከጭነት መኪና ላይ ተንሸራተተ። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ መጥቶ ልጁ የተቀመጠባት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ዳሰስኩት። አንጓው ላይ ተሰብሯል፤ አንዴ ስቤ በቀርከሃ ባስረው የሚድን ነው።

«ማሂር እኮ እስከ መጨረሻው ይወድህ ነበር» አለ። «እናቱ ስትወቅስህ ይቆጣት ነበር። ጋሽ በድሉ በምን ያውቃል ይላታል።»

መሳብ አቃተኝ።

«አብዱራሕማን፣ የመጀመሪያውን ቀን አውቄ ነበር። እንደነካሁት የእኔ ሥራ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ሰው ፊት አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

አልጮኸብኝም።

«ሉባባ ትኬት ልቁረጥ ስትልህም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የተሰበረ እጁን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣ። እጅጌውን ጎትቶ ሸፈነውና መንገዱን ተሻገረ። ከኋላው «ሐኪም ቤት ሂድ፣ እባክህ» አልኩት።

አልሄደም። ሌላ ወጌሻም አላሳየም። ይኸው ስምንት ወር ሆነው፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል። ጠዋት ጠዋት፣ እኔ የእኔን ስከፍት፣ እሱ የሱቁን በር በግራ እጁ ሲታገል አየዋለሁ።