ከኋላዬ የቆመው ጋሻ ያዥ

ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄን ያልረገጠ ወንድሜ፣ አንድ እሁድ ጠዋት በሩን አንኳኩቶ «እትዬ፣ ሁለተኛው ወጣ እኮ!» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ከረምሽ የለ። እጁ ላይ የጌም ሲዲ ይዟል።

እኔ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ፊት ሳይ ነው የኖርኩት። ትኬት የሌለው ሰው ገና ከሩቁ ያስታውቃል፤ ፈገግታው ይበዛል፣ ሳትጠይቁት ወሬ ይጀምራል። ያን ቀን ወንድሜ ጭራሮ ፈገግታው በዝቶ ነበር። ጭራሮ የምንለው ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ይኸው ጎልማሳ አናጢ ሆኖም አልወፈረም። «ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር ፈልጓል» አልኩ በሆዴ።

ጌሙ ጃፓኖች የሠሩት የጦርነት ጨዋታ ነው። መሬቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ነው። ወታደሮችህን በተራ ታንቀሳቅሳለህ፣ ቀጥሎ ጠላት ተራውን ይወስዳል። መሯሯጥ የለም፤ ማሰብ ብቻ ነው። የሞተ ወታደር ደግሞ ሞተ ነው። ጌሙ ሁሉንም ነገር ወዲያው ስለሚመዘግብ፣ «ቆይ ልመልሰው» የሚባል ነገር አይሠራም። የመጀመሪያውን ልጆች ሳለን ያመጣልን መርከበኛ አጎታችን ነበር። ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ፣ እኛ ደግሞ አንዲት ፊደል አንለይም። ሥዕሉን እያየንና እየተሸነፍን ተማርነው። ቀስተኛዋ የእኔ ነበረች፣ ጋሻ ያዡ የእሱ፣ ቁስል የምታክመው ሐኪም ደግሞ የጋራችን።

አንድ ሕግ ነበረን። አባታችን የሌሊት ተረኛ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ከጎናችን ባለው ክፍል ይተኛል። ስለዚህ ውጊያ ከተጀመረ እስኪያልቅ ድረስ ትንፍሽ አይባልም። አንዷን መቆጣጠሪያ እየተቀባበልን፣ እሱ ያሰበውን እኔ ከእጁ፣ እኔ ያሰብኩትን እሱ ከፊቴ እናነባለን። ካደግን በኋላም እንደዚያው ነበር የምንጫወተው። ሰው ቢያየን የተኳረፍን ነው የሚመስለው።

በእውነት የተኳረፍነው አባታችን የሞተ ጊዜ ነው። ጭራሮ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር፤ ሲደርስ አባታችን ተቀብሯል። እኔም ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት «አሁን ምን ልታደርግ መጣህ?» አልኩት። ምላሴ እንደዚህ ነው፣ ምን ላድርግ! እሱም ዞሮ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

እማዬ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከሥራ ስመለስ «መጣሽ?» የምትለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እና ይሄ ሰውዬ ሦስት ዓመት ጠፍቶ የመጣው ለጌም ነው? አትሞኙ! ከቤቴ የሚወሰድ ነገር ቢኖር እማዬ ነች። እሷን ሊወስድብኝ ነው የመጣው።

በመጀመሪያው እሁድ አልጮህኩም፤ በዓይኔ ተከተልኩት። ሻወር ቤት ገብቶ ሃያ ደቂቃ ውሃ ሲያፈስ ነበር። ሰው እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ ይታጠባል? ሲወጣ ተላጭቷል። ሊያሳምናት እየተዋበላት ነው አልኩ።

በሁለተኛው እሁድ ወጥ ቤት ውስጥ ከእማዬ ጋር ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። ስገባ፣ እማዬ የላጠችውን ድንች እንደገና መላጥ ጀመረች። «ቀጥሉ፣ እኔ ውሃ ልቀዳ ነው» አልኩ፤ ማን ይቀጥላል! ከሰዓት በኋላ ደግሞ እማዬ ከምትተኛበት ክፍል አጠገብ ካለችው ትንሽ ክፍል፣ ሜትሩን እያጠፈ ሲወጣ አገኘሁት። የእማዬ ሳጥኖችና ክረምት ክረምት የምትደገፈው ምርኩዝ ያሉት እዚያ ነው።

«ምን እየለካህ ነው?» አልኩት።

«አይ… እንዲሁ ነው። የእጅ ልማድ ሆኖብኝ።»

የእጅ ልማድ! ዕቃዋ ስንት መኪና እንደሚሞላ እየለካ እኮ ነው። ማታ እማዬን አፋጠጥኳት።

«ምን ይልሻል?»

«ማን?»

«ልጅሽ ነዋ! ስንት ልጅ አለሽ?»

«ራሱ ይነግርሻል። እኔ እናንተ መሃል አልገባም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አንቺ ደግሞ ስትቆጪ ታስፈሪያለሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሥራ ላይ አንዲት ምስኪን ሴትዮ ትኬቷን ከቦርሳዋ እስክታወጣ ድረስ ጮህኩባት፤ ትኬቱ ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ እንኳ አላልኳትም። ጭራሮ እንደ ክስ መዝገብ አእምሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሦስተኛው እሁድ መጣ። ተቀመጥን፣ ቴሌቪዥኑን ከፈትን፣ ውጊያው ተጀመረ። ሁለተኛው ጌም በመጀመሪያው ላይ የተመዘገበውን አንብቦ የድሮ ወታደሮቻችንን ነው ያመጣልን። ቀስተኛዋ ትንሽ ሸብታለች፣ ጋሻ ያዡ ጢም አብቅሏል። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር።

ቦታው ድልድይ ነው። ጠላት ከወንዙ ማዶ ተሰልፏል። ቀስተኛዬን ድልድዩ ጫፍ ላይ አቆምኳትና ቀስት መወርወር ጀመረች። የጋሻ ያዥ ቦታ ከፊት ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ጭራሮ ግን ተራው ሲደርስ ግማሽ ጉልበት የቀረውን ጋሻ ያዡን ወደ ኋላ መለሰና ልክ ከጀርባዬ አቆመው። የማፈገፍግባት ካሬ እሷ አንዷ ብቻ ነበረች። ከፊት ጠላት፣ ከኋላ ጭራሮ።

ቀና ብዬ አየሁት። ግንባሩ አልቦታል። አንድ ጊዜ ስክሪኑን፣ አንድ ጊዜ የእማዬን በር ያያል። ደሜ ፈላ። እዚህም ሊዘጋብኝ! በጨዋታውም በቤቱም መውጫ ሊያሳጣኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ አነበው የነበረው እጅ ያን ቀን ሌላ ነገር ነገረኝ፤ እኔም አመንኩት።

መቆጣጠሪያውን ተቀበልኩ። ሐኪሟ አጠገቡ ነበረች፤ ልታክመው ይገባ ነበር። ወሰድኳትና ወንዙ ዳር፣ ከእሱ በጣም አርቄ አቆምኳት። «ራስህን አክም» አልኩ በሆዴ። ጭራሮ ዞሮ አየኝ። አፉን ከፈተ፣ ሕጉ ትዝ አለው መሰለኝ መልሶ ዘጋው።

የጠላት ተራ ሆነ። ከኋላችን ካለው ጫካ አራት ፈረሰኞች ወጡ። ጫካው ጠርዝ ላይ ቀይ ባንዲራ ነበር፤ ቀይ ባንዲራ ማለት ደፈጣ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ እናውቃለን። እሱ አይቶታል። እኔ እጁን ስጠብቅ አላየሁትም። ፈረሰኞቹ ወደ ቀስተኛዬ መጡና መንገዱ ላይ ጋሻ ያዡን አገኙት። ሦስቱን ቻለ። አራተኛው ጣለው። ሲወድቅ ፊቱ ወደ እነሱ፣ ጀርባው ወደ እኔ ነበር።

ስክሪኑ ጠቆረ፤ አንድ መስመር ጃፓንኛ ወጣ። ማንበብ ባንችልም ምን እንደሚል እናውቃለን፤ ጋሻ ያዡ አይመለስም።

«ጭራሮ…» አልኩ።

«ግድ የለም፣ ጌም ነው» አለ። ድምፁ ግን ጌም ጌም አይልም። ተነሣ፣ ከክፍሏ ብቅ ያለችውን እማዬን ግንባሯን ሳማት።

«ነገርካት?» አለችው።

ራሱን በአሉታ ነቀነቀና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

የማፈር ነገር መጥቶብኝ ነበር፤ «ነገርካት» የሚለውን ስሰማ ግን ያ ሁሉ ቀርቶ ንዴቱ ተመለሰ። ስለ ባንዲራው ተሳስቼ ይሆናል፣ ስለ እማዬ ግን አልተሳሳትኩም! ፊት ለፊት ልነግረው ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ አራት ፎቅ ደረጃውን ወረድኩ። የምናገረውን እየተለማመድኩ ነው የወረድኩት፦ እማዬን አታገኛትም፣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም፣ ደግመህ እንዳትመጣ።

ጭራሮ ከታች ያለው ሱቅ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር አንድ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ አወጣለት።

«ዛሬም ይዘኸው ልትሄድ ነው?» አለው ባለሱቁ። «ኧረ ሦስት እሁድ ሆነው እኮ! ጠዋት ታስቀምጠዋለህ፣ ማታ ትወስደዋለህ። እህቴ ጋ ልገባ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ዛሬም አልተመቸም» አለ ጭራሮ። ሲዞር አየኝ።

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «የምን ሻንጣ ነው?» አልኩት።

«የልብሴ።» መሬት መሬት እያየ ነው። «ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ሁለት ወር ሆነን። የምተኛው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። ትንሿ ክፍል አልጋ ትችል እንደሆነ ለክቼ ነበር… ሦስት እሁድ ልጠይቅሽ ሞከርኩ እትዬ። ፊትሽን ሳየው ቃሉ ይጠፋብኛል።»

«እኔ እኮ እማዬን ልትወስድብኝ መስሎኝ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሳቀ፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም። «የት ነው የምወስዳት?» አለኝ።

እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ባለሱቁ ንጹሑን ሚዛን መጥረግ ጀመረ። ሻንጣውን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ጭራሮ አልለቀቀውም። «ራሴ እይዘዋለሁ» አለኝ። አራቱንም ፎቅ ራሱ ተሸክሞት ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የገዛ ወንድሜ ነው እንዲህ የሚጠይቀኝ!

ይኸው አብረን መኖር ከጀመርን አራት ወር ሆነን። ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባናት፣ አልጋውን ራሱ ሠራው፣ እኔም ቁም ሣጥን ገዛሁለት። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም። ቁም ሣጥኑ ግን ባዶ ነው። ጭራሮ ጠዋት ጠዋት ከሻንጣው አንድ ሸሚዝ ያወጣና ዚፑን መልሶ ይዘጋዋል።