የጓሮው ዳኛ

በፈቃዱ የሚባል ጡረተኛ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቱ ጓሮ፣ ጅረቱ ዳር፣ ለዱር ዳክዬዎች የእንጨት ጎጆ ሠርቶ ዛፍ ላይ ሰቀለ። ማርች ላይ አንዲት ግራጫ ዳክዬ ገብታ እንቁላል ጣለች። በሳምንቱ ግን ቁንጮ ያላት ሌላ ዳክዬ መጣችባት። ላባቸው እስኪበተን ተናከሱ፤ ባለ ቁንጮዋ አሸንፋ ገባችና የራሷን እንቁላሎች ጨመረች።

በፈቃዱ ደሙ ፈላ። መሰላሉን አወጣ።

«ተዋቸው፣ እነሱው ይጨርሱት» አለችው ባለቤቱ የወይንሐረግ።

«የሰው ቤት ስትቀማ ዝም ልበል?»

የጎጆውን ክዳን በኃይል ሲከፍተው ባለ ቁንጮዋ ፊቱን በክንፏ መትታው በረረች። ቢጫማዎቹን የግራጫዋ ናቸው ብሎ ትቶ፣ ነጫጮቹን እንቁላሎች የባለ ቁንጮዋ ናቸው ብሎ ለቅሞ ጅረቱ ውስጥ ወረወራቸው። ግራጫዋ ከወዲያ ማዶ ሁሉንም ታይ ነበር። እሷም ተነሥታ ሄደች።

አራት ቀን ጠበቃት፤ አልመጣችም። የቀሩት እንቁላሎች እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው ነበር።

«እና ለማን ፈረድክ?» ስትል የወይንሐረግ ጮኸችበት። «ለማን?»

«ዝም በይ!» አላት። ወዲያው ግን የተናደደው በእሷ እንዳልሆነ ገባውና አካፋውን አንሥቶ እንቁላሎቹን ሊቀብር ወጣ።